ሁለተኛ ምስክር ያጣ ልደት

«ወንድሜ ሴት ነበረችው» አለች አክስቷ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለአራተኛ ጊዜ። «ከሆዴ ያወጣሁት አይደለም፤ አገር የሚያወራውን ነው የምላችሁ።»

«አክስቴ፣ ቀስ በይ። ሰው አለ» አለቻት የሟች ልጅ።

«ሰው ስላለ አይደል የምናገረው? ሰው ከሌለማ ለግድግዳ ልናገር?»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት አምስት ሰዎች ስኒያቸውን በአንድ ጊዜ አነሱ። ሰው መስማቱን መደበቅ ሲፈልግ፣ የሚሰማው በአፉ ይመስል፣ አፉን በስኒ ይሸፍናል። ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ነርስ ብቻ አልጠጣችም። ወሬውን ከአራት ዓመት በፊት ወደዚህ ቤት ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት፤ ልጇን በአደባባይ ሲያሞግሱላት እንደምትሰማ እናት አንገቷን ሰበር አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች።

ከቀብሩ በኋላ ሁለተኛው ቀን ነበር። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተዋሱ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰዉ ቁመት ተዛብቶ፣ አጭሩ ረጅሙን ቁልቁል ያየዋል። የሟች ልጅ ከፔርሙዙ ቡና እየቀዳች ትዞራለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷ በሠራበት ጋዜጣ አራሚ ናት። ስምንት ዓመት የሌሎችን ስህተት በቀይ እስክርቢቶ ስትሰርዝ ኖራ፣ ዛሬ በገዛ ሳሎኗ የሚነገረውን መሰረዝ አቅቷት ጥርሷን ነክሳለች።

ወሬው እንዲህ ነው። ሟች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጋዜጣው ሁለተኛ ገጽ ላይ «የዕለቱ ልደቶች» የተባለውን ዓምድ አዘጋጅቷል። በዚያ ዕለት የተወለዱ ደራሲዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ዘፋኞች፣ ተዋንያን፣ ከየአገሩና ከየዘመኑ ተጠራርተው በአንዲት ጠባብ ዓምድ ውስጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሽ ልደት» ነው የሚለው። ታዲያ በየዓመቱ፣ በዚሁ ወር በአስራ ዘጠኝ፣ ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት ገጣሚ ትወጣለች። መጽሐፍ የላትም። ፎቶ የላትም። አይቻታለሁ የሚል የለም። ያቺ ሴት፣ ይላል ወሬው፣ ገጣሚም ምንም አይደለችም፤ የጋሽ ልደት ውሽማ ናት። ስሟን እንኳ የሚጠራ የለም፤ አፍ እንደሚያቆሽሽ ነገር «ያቺ» ብሎ ማለፍ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን ወሬ ሳይሰማ የሞተ ሰው ቢኖር ጋሽ ልደት ራሱ ነበር።

አክስቷ ግን ሰምታለች። ሰምታም አልቀረች፤ ይዛዋለች። ከግቢው ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሃምሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። አላገባች፣ አልወለደች፤ ወንድሟን አሳደገች፣ ቀጥላ የወንድሟን ልጅ ከእናቷ እኩል አሳደገች። አሁን ሁለቱን ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ሰውን የምትለየው በእርምጃው ነው። ምላሷን የጋረደው ነገር ግን የለም። ነርሷ ያን ወሬ ካመጣችበት ቀን ጀምሮ የወንድሟን ልብስ መንካት ተወች። ኮሌታው ሲበላ አልገለበጠችለትም። የነጭ ሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ በወለቀ ጊዜ፣ ቁልፉን ራሱ አምጥቶ ስፌት መኪናዋ ላይ አኖረላት፤ አልሰፋችለትም፣ አልመለሰችለትም። ቁልፉ እዚያው እንደተቀመጠ አራት ዓመት ሆነው። ጋሽ ልደት የተቀበረውም በዚያው ሸሚዝ ነው፤ ልጂቱ ኮቱን ሳብ አድርጋ ባዶውን ቦታ ሸፈነችለት።

የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ከቀትር በኋላ መጣ። ሥራውን ያስተማረው ጋሽ ልደት ስለነበረ የለቅሶው ነገር የምር ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቢሆንም ብብቱ ሥር ወረቀት ይዟል። ሰው ለለቅሶ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ልጂቱ አልወደደችውም።

«ይቅርታ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ፣ በሩ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ እየደረሰ።

«ካወቅክ ለምን መጣህ?»

«ገጽ አይጠብቅማ። ከነገ ወዲያ አስራ ዘጠኝ ነው። ሁለተኛ ገጽን ሙሉውን ለሳቸው ሰጥተነዋል። ፎቷቸው፣ ታሪካቸው፣ ከሥሩ ደግሞ የዕለቱ ልደቶች፤ ከመሞታቸው በፊት ራሳቸው ያዘጋጁትን እንዳለ። ሁለት ነገር ጎድሎኛል።»

«በል።»

«አንዱ የተወለዱበት ቀን። ጋሽ ልደት ልደታቸው ጠፋ ብል ማን ያምነኛል? መታወቂያቸው ላይ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው።»

ይህን እሷም ታውቃለች። ልጅ ሆና «አባዬ፣ ያንተስ ቀን የታል?» ብላ ትጠይቀው ነበር። «እየፈለግኩት ነው» ይላታል፤ ትስቃለች። ሃያ ዓመት በአንዲት ቀልድ አሳቃት።

«አክስቴ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አባዬ የተወለደበትን ቀን ታውቂዋለሽ?»

አክስቷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ለአፍታ መልስ ልትሰጥ መሰለች፤ ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ገጠመችው።

«ያቺን ጠይቋት» አለች። «ለሷ ቀን የሰጠ ለራሱ አያጣም።»

ነርሷ ስኒዋን አነሳች። ዋና አዘጋጁ ወረቀቱን አውጥቶ «ሁለተኛው ነገር እሱው ነው» አለ። «ያቺ።»

ብብቱ ሥር የነበረው ወረቀት ደብዳቤ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሦስት ቤተ መጻሕፍት ዞሮ ያችን ገጣሚ አጥቷታል። «አንዷን ከፈጠረ ስንቱን ፈጥሮ ይሆን? ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበብነው ተረት ነበር ወይ?» ይላል ደብዳቤው፤ እናንተ ካላረማችሁ ወደ ሌላ ጋዜጣ እወስደዋለሁ ብሎ ይፈርማል።

«የሁለት ምስክር ሕግ የኔ አይደለም፤ የሳቸው ነው» አለ ዋና አዘጋጁ። «ወይ ሁለት ምስክር ታመጪልኛለሽ፤ ወይ አንቺ ራስሽ አውቃታለሁ ብለሽ በቤተሰቡ ስም ትፈርሚያለሽ። አለበለዚያ እርማት እናወጣለን። ነገ አስር ሰዓት ገጹ ይዘጋል።»

«በራሱ መታሰቢያ ገጽ ላይ ውሸታም ልትሉት?»

«እኛ ካላልን ሌሎቹ ይላሉ። እኛ ስለ አንዷ ነው የምንለው፤ እነሱ ስለ ሁሉም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ የአባቷን ክፍል ከፈተች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘው የካርድ ሣጥን ቆሟል፤ መሳቢያው ብዙ፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ክፍል ያለው። ልጅ ሆና የሰው ልጅ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ሣጥን ይመስላት ነበር።

ፊደል ከለየች ጀምሮ ካርድ ያስጽፋት ነበር። ከፊት ስም፣ ሙያ፣ አንድ መስመር ታሪክ። ከጀርባ አንድና ሁለት ተብሎ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀኑን ያረጋገጡት ሁለት ምስክሮች እዚያ ይገባሉ፤ መጽሐፍ፣ መዝገብ፣ ደብዳቤ ወይም የሰው ቃል። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ካርዱ ዓመትም ይሁን አስር ዓመት ይጠብቃል እንጂ አይታተምም። «ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚወለደው» ይላት ነበር። «አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከሁለት ምስክር። የመጀመሪያውን እኔ አልችልም።»

በዚህ ሕጉ የተነሣ ያልተጣላው የለም። አንድ ጊዜ ሹፌር ያለው ትልቅ ሰው ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ እኔም ግጥም እጽፋለሁና ቀኔ ከገጣሚዎቹ ጋር ይግባ አለው። ጋሽ ልደት መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «የተወለዱበትን ቀን አላጣሁም፣ ጌታዬ» አለው። «ገጣሚነትዎን የሚመሰክር ነው ያጣሁት። አንዷ ባለቤትዎ ናቸው እንበል፤ ሁለተኛ ይዘው ይምጡ።» ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ሚስቱም አልመሰከረችለትም ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ያለ ምስክር ሴት አስገባ የተባለው። ልጂቱ ሣጥኑን የከፈተችው ልታረጋግጥ ሳይሆን ማፈር እንደማይገባት ልታሳይ ነበር።

አስራ ዘጠኝን ሳበች። ካርዶቹ አሥራ አንድ ናቸው። ማዕበል በተነሣበት ባሕር ላይ፣ በመርከብ የተወለደ ተውኔት ጸሐፊ። ቀኝ እጁን በጦርነት አጥቶ በግራው የሣለ የመልክ ሠዓሊ። አርባ ዓመት ዝም ብላ ኖራ በስተርጅና ሦስት ልቦለድ ያወጣች አዋላጅ። ሁሉም ጀርባቸው ሙሉ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ፣ አንድ ካርድ።

«ድምቢጥ። ገጣሚ። አንድ ደብተር ጽፋለች።»

ገለበጠችው። የአባቷ እጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ።

«አንድ፦ እኔ። ሁለት፦ ራሷ፣ ስትጠየቅ።»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ካርዱን ደግማ አነበበችው፤ አራሚ ናትና ሦስተኛም አነበበችው። ስህተት የለበትም። ስትጠየቅ። እንግዲያ ያለች ሴት ናት። በሕይወት ያለች፣ ሊጠይቃት የሚችል፣ ግን ያልጠየቃት። ስሙን በየዓመቱ ገጹ ላይ ስታየው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ጠየቀች፤ ድምቢጥ ደግሞ ስም ነው? በመዳፍ የምትገባ ትንሽ ወፍ። ወንድ አንዲትን ሴት ድምቢጥ የሚላት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ሠላሳ ሁለት ዓመት መኖር አያስፈልግም።

ያን ጊዜ ያለፉት አስራ ዘጠኞች ሁሉ ተሰልፈው መጡባት። አባቷ በዚያ ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። ከሥራም ቀድሞ፣ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። እናቷ በዋዜማው ሸሚዙን ስትተኩስ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እያጠበው፣ «ሙሽራዬ ነገ ሊወጣልኝ ነው» ብላ ትስቅ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ ለምን ብላ ጠይቃው አታውቅም። ተመልሶ ሲመጣም ወደ ቤት አይገባም፤ ግቢውን ተሻግሮ ወደ እህቱ ክፍል ይሄዳል። በእጁ የዕለቱን ጋዜጣ ይዟል።

«እህቴ፣ ጋዜጣ አምጥቼልሻለሁ» ይላል፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«አስቀምጠው። ለቅድ ይሆነኛል» ትለዋለች ስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

አክስቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። የደንበኛን ልክ በቃሏ ትይዛለች፤ ጋዜጣ ለሷ ወረቀት ነው። ዘርግታ፣ በጠመኔ አስምራ፣ እጅጌና ኮሌታ ትቀድበታለች። አባቷ ግን ጋዜጣውን ካኖረ በኋላ ቶሎ አይሄድም። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የስፌት መኪናውን ድምፅ እያዳመጠ፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ይቆያል።

ጥፋተኛ ወንድ ለእህቱ ጋዜጣ ያመጣል፣ አለች ልጂቱ በሆዷ። እናቷ በገዛ እጇ የተኮሰችው ሸሚዝ ታያት።

ቢሆንም ካርዱን ይዛ ግቢውን ተሻገረች። አክስቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ስለ ያቺ ከሆነ አትጠይቂኝ።»

«ስሟን ብቻ ልንገርሽና...»

«ስሟ በዚህ ክፍል እንዳይነሳ!» አክስቷ ተነሣች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ በቁጣ ነው ብላ ልጂቱ አመነች። «ሃምሳ ዓመት ከዚህች በር አልወጣሁም። አባትሽን በዚህ መርፌ ነው ሰው ያደረግኩት። የኔ የሆነ አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱን አንስቶ ለሷ ሰጠ። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ስሟን መስማትማ... ሂጂ። እንግዶችሽ መጥተዋል።»

እውነትም በሩ ላይ ሰው ነበር። ልጂቱ ካርዱን ኪሷ ከታ ፔርሙዙን አነሣች። «ያጽናሽ» አሏት፤ «አሜን» አለች። ነርሷ ጠጋ ብላ «እትዬ ዛሬም እንደተቆጡ ናቸው?» አለቻት።

«አንቺ የዘራሽው ነው፤ ምርቱ ጥሩ መሆኑን ልታዪ መጣሽ?»

ነርሷ ክው አለች። ወሬ የሚያመጣ ሰው ወሬው ቢሞት እንኳ ቀባሪ ሆኖ ይመጣል፤ ቀረ ብለህ አትማው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብላ በእግሯ ወጣች። ኪሷ ውስጥ ካርዱን በጣቷ ይዛዋለች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ትፈርም? ፈርማ ነገ ያቺ ሴት በአካል ብትመጣስ? «ምስክሬ ልጁ ናት» ብላ በእናቷ ቤት፣ በእናቷ ወንበር ብትቀመጥስ? አትፈርም? ባትፈርም አባቷ በገዛ ሕጉ ይወድቃል። የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ አባቷ ሳይሆን እናቷ ነበረች አጠገቧ፤ እንፋሎት ፊቷን እያጠበው የምትስቅ።

ዋና አዘጋጁ የገጹን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃታል። ከላይ የአባቷ ፎቶ፤ ከሥሩ «የተወለዱበት ቀን በውል አይታወቅም» የሚል መስመር። ከዚያ ዝርዝሩ።

«ምስክር አገኘሽ?»

«ቀይ እስክርቢቶ ስጠኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ከወጣ አይመለስም።»

«ስምንት ዓመት አራሚ ሆኜ ስህተት አይቼ ሳልፍ አይተኸኛል?»

ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘች። ዋና አዘጋጁ የጻፈውን እርማት አነበበች። «ማስረጃ ስላልተገኘ ሰርዘነዋል» ይላል። ለሷ ለዘብ ያለ መሰላት። ከመጨረሻው በፊት በገዛ እጇ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። ሰዓቱ አስር ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋዜጣው ወጣ። ወንበሮቹ ወደየባለቤቶቻቸው መመለስ ጀምረዋል፤ ሳሎኑ ውስጥ የእግራቸው ዱካ ብቻ ቀርቷል። ልጂቱ አንድ ቅጂ ገዝታ ስትመለስ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ እግሯ ግቢውን ተሻገረ።

«አክስቴ፣ ጋዜጣ አምጥቼልሻለሁ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

አክስቷ ቀና አለች። ደመናማ ዓይኖቿ በሩን ፈለጉት።

«እንደሱ አትናገሪ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ አስራ ዘጠኝ ነው አይደል?»

«ነው። ለቅድ ላስቀምጥልሽ?»

«አይ።» እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ዳሰሰችው፤ መለሰችላት። «ዛሬ አንብቢልኝ። እሱ ነው ሲያመጣልኝ የኖረው፤ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ያመጣው ነው። ስለሱ ምን እንዳሉ ልስማ።»

ልጂቱ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ታሪኩን አነበበችላት፤ አክስቷ ቁጥሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ምላሷን «ጥ» እያደረገች አዳመጠች። ተውኔት ጸሐፊውን፣ ግራኙን ሠዓሊ፣ አዋላጇን አነበበችላት። «አርባ ዓመት ዝም? እሰይ» አለች አክስቷ። ልጂቱ እዚያ ላይ ልታቆም ፈለገች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ድምፅሽ አላለቀም። አንብቢ።»

«እርማት ነው። ... በዚህ ዓምድ በየዓመቱ በዛሬው ዕለት ሲወጣ የነበረው የገጣሚ ድምቢጥ ስም ማስረጃ ስላልተገኘለት ሰርዘነዋል። እንዲህ ያለች ገጣሚ ኖራ አታውቅም። አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

መሃለኛው የሷ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጮክ ብሎ ሲነበብ ከጻፈችው ይልቅ ከረረ።

«ማን?» አለች አክስቷ።

«ያቺ ናት፣ አክስቴ። ተሰርዛለች፤ አይዞሽ፣ ከእንግዲህ...»

«ስሟን።»

«ድምቢጥ።»

«ድገሚው።»

«ድምቢጥ።»

የአክስቷ እጅ ከጉልበቷ ላይ ተነሣ፤ የት እንደሚያርፍ ጠፋው፤ አየር ላይ ቆየ።

«ከፊት ሽፋኑ ላይ ነበር የጻፍኩት» አለች። «ሰማያዊ ደብተር። ሰው እንዳያውቅብኝ የራሴን ስም ትቼ ድምቢጥ አልኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሱ በቀር ያየው ሰው የለም።»

ልጂቱ የሰማችው ቶሎ አልገባትም። «አንቺ... ፊደል ታውቂያለሽ?»

«አባትሽን ማን ያስቆጠረው መሰለሽ?»

ልጂቱ በርጩማውን ወደ አልጋው ጠጋ አደረገች።

«ሳይነግረኝ ይዞት ሄደ» አለች አክስቷ። «ሊያስደንቀኝ። ለዚሁ ጋዜጣ ሰጣቸው፤ እናነበዋለን አሉት። ሲመለስ ጠፍቷል፣ ተጥሏል አሉት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እዚህ ወለል ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ተወው አልኩት። ተወው ብዬ ግን እኔ አልተውኩትም። ያ ቤት ያተመውን እስክሞት አላነብም ብዬ ማልኩ። አላነበብኩም። እዚያ የተቀጠረ ጊዜም ደብተርሽን ልፈልግ ነው ብሎኝ ነበር፤ ሳቅኩበት።»

ልጂቱ ካርዱን ከኪሷ አወጣች። ጀርባውን አንብባ ልትነግራት ፈለገች፤ ራሷ፣ ስትጠየቅ። በየዓመቱ በሩ ላይ ቆሞ መጠየቁ ነበር። ትናንት በገዛ እጇ የጨመረችው ዓረፍተ ነገር ሃያ ሺህ ቅጂ ሆኖ በከተማው ውስጥ እየተሸጠ ነው።

«ከምስማሩ ላይ ያለውን የቅድ ጥቅል አውርጂ» አለች አክስቷ። «የሱን ጋዜጣ ለብቻ ነው የማኖረው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።»

አወረደችው። ያረጀ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። እጅጌዎች፣ ትከሻዎች፣ ኮሌታዎች፤ በላያቸው በጠመኔ የተሰመሩ መስመሮች፤ ከመስመሮቹ ሥር የአባቷ ዓምድ። አንዱን የልጅ እጅጌ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ከጫፉ ላይ «ድምቢጥ» ይላል፤ ከዚያ በመቀስ ተቆርጧል። የቀረውን ስትፈልግ ቆየች። ኮሌታው ላይ አገኘችው፤ «ገጣሚ። አንድ ደብተር ጽፋለች።»

«አገኘሽው?»

«ሁለት ቦታ ነው ያለው።»

«ስጪኝ።»

ሁለቱን ቁራጭ በሁለት እጇ ያዘች። ስፌት መኪናው ላይ እስፒል ስትፈልግ ጣቶቿ አቧራ የለበሰውን ነጭ ቁልፍ ነኩ፤ እዚያ ላይ ቆሙ፤ ትንሽ ቆይተው አለፉ። ልጂቱ ልትረዳት እጇን ሰደደች፤ አክስቷ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። የእጅጌውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ የኮሌታውን ጠርዝ ዳሰሰች፣ መቀሱ የሄደበትን መንገድ በጣቷ ተከትላ አንዱን ከአንዱ ጋር ገጠመች።

«እንግዲህ ዛሬ ልደትሽ ነው» አለች ልጂቱ። «ዛሬ ልደትሽ ነበር፣ አክስቴ።»

«የኔ አይደለም» አለች አክስቷ፣ እስፒሉን እየሰካች። «የኔን ማንም አልጻፈው። አስራ ዘጠኝ የሱ ቀን ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ቀን የለኝም ብዬ ሳለቅስ አየኝና፣ ‹የኔን ውሰጂው፤ እኔ ሌላ ፈልጌ አገኛለሁ› አለኝ።»